የድመቶቹ ከተማና የእኛ ደረቅ ቤት

ካርቱን ማየት የጀመርኩት በልጅ ልጄ አሳብቤ ነው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ ካናዳ ካለንበት ከተማ ዳር፣ ከኢቶቢኮ እያመጣቻት ፓርክዴል ሰፈር እኛ ዘንድ ትተዋት ትሄድ ነበር። እኔም ሕፃን ብቻዋን ስትስቅ ደስ አይልም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዛሬ ሕፃኗ ሃይስኩል ገብታ ቅዳሜዋን ለጓደኞቿ ሰጥታለች፤ ካርቱኑ ግን እኔ ላይ ቀረ። ዜና ስከፍት ግማሹ ያመልጠኛል። ካርቱን ምኑም አያመልጠኝም፤ መጀመሪያ ይወድቃሉ፣ ቀጥሎ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይሯሯጣሉ። ለቀረችኝ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ከሁሉም የምወደው የድመቶቹን ከተማ ነው። ነገሩ የሚሆነው ድሮ፣ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ነው። ከንቲባው፣ ሆዱ ላይ የሰዓት ሰንሰለት ያንጠለጠለ ወፍራም ድመት፣ ሰገነት ላይ ወጥቶ አዋጁን ያነባል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠጣ፣ የሚጠምቅ፣ የሚሸጥ ወዮለት። ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ያለቅሳል። ከንቲባው ወረቀቱን ጠቅልሎ ሳይጨርስ ግን ከተማው በሙሉ ሁለት ፊት ያወጣል። ዳቦ ቤቱ ከፊት ለፊት ዳቦ ቤት ነው፤ መደርደሪያውን ገፋ ሲያደርጉት ከኋላው ጭፈራ ቤት ነው። በሕፃን ጋሪ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛው ጠርሙስ ነው። ሬሳ ሣጥን ተሸክመው የሚያለቅሱት ድመቶች ሲራመዱ ሣጥኑ ይንቦጫቦጫል። ፖሊሱ ውሻ ነው፤ በርሜሉን በመጥረቢያ ይፈልጥና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ መንገዱን ይልሳል።

ከዚያ ጃንጥላ የያዙት ሴቶች ይመጣሉ። መጠጡን ያስከለከሉት እነሱ ናቸው። አገጫቸው ረጅም፣ ጫማቸው ከባድ፣ ድምፃቸው የተሰበረ ጥሩምባ ነው። እየዘመሩ ዳቦ ቤቱ ሲገቡ ከኋላ ያለው ባንድ ወዲያው መዝሙር ይጀምራል፣ ብርጭቆው ሁሉ የሻይ ስኒ ይሆናል፣ የሰከሩት ድመቶች ትንሿን ጣታቸውን ቀስረው እንደ ጨዋ ፉት ይላሉ። ሴቶቹ አሽትተው አሽትተው፣ ተታለው ይወጣሉ። እኔ እዚህ ላይ ሳል እስኪይዘኝ እስቃለሁ። ሳሌን ሰምታ ባለቤቴ ከኪችን ብቅ ትላለች፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የያዝኩትን ብርጭቆ ታያለች። ውሃ ነው። ወስዳ ታሸተዋለች። እኔም የባሰ እስቃለሁ።

መጠጥ የከለከለኝ ሐኪም ነው። ጉበቴን በማሽን አይቶ፣ ከእንግዲህ ጠብታ እንዳትቀምስ አለኝ። በበዓልስ? ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኩት። አስተርጓሚዋ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። ሐኪሙ ከለከለ እንጂ አብሮኝ አይኖርም፤ የጥበቃው ሥራ የወደቀው ባለቤቴ ላይ ነው። የጃኬቴን ኪስ የምትዳስሰው፣ ከለቅሶ ቤት ስመለስ በር ላይ ቆማ «እስቲ እፍ በል» የምትለኝ እሷ ናት። እኔም «እሜቴ ጃንጥላ» የሚል ስም አወጣሁላት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔ የማወጣላትን ስም ትርጉም መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ብቅ ብላ ካርቱኑን አብራኝ አየች። አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው።

«ባባ፣ ዲስ ሪሊ ሃፕንድ እኮ» አለችኝ፤ የእውነት የሆነ ነገር ነው ማለቷ ነው። «እዚህም ነበር።»

ትምህርት ቤት ተምረውታል። በእኛዋ ከተማም መጠጥ ተከልክሎ ነበር፤ ባለ ጃንጥላዎቹም አገጫቸው እንዲህ የረዘመ አልነበረም። ባሎቻቸው ደመወዛቸውን ጠጥተው፣ ገብተው ደግሞ ዱላ የሚያነሱባቸው ሴቶች ናቸው የተሰለፉት። ካርቱኑ አንፌር ነው አለች። ካርቱን ፍርድ ቤት አይደለም አልኳት፤ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ስልኳ ተመለሰች። በኋላ ሳስበው ልጅቷ ያየችው ነገር አለ። እዚያ ካርቱን ውስጥ መንገድ አለ፣ ጭፈራ ቤት አለ፣ እስር ቤት አለ፤ መኖሪያ ቤት ግን የለም። ከእነዚያ ሁሉ ድመቶች አንዱ እንኳ ጠጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ በሩንም ማን እንደሚከፍትለት፣ አልተሳለም። ሠዓሊው ቀለም አልቆበት አይመስለኝም። ያን ቢስለው ማን ይስቅለታል?

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። በመልአኩ ስም በየወሩ የምንሰበሰብበት የጽዋ ማኅበር አለን። ተረኛው ቤቱን ይከፍታል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። በሥራ ምክንያት ቀኑ ወደ እሑድ ተገፋ እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው። የባለቤቴ ጠላ በማኅበርተኛው ዘንድ ስም ያለው ነው። እኔ ስም ያለኝ በሌላ ነው። ጠላው ዞር ዞር ሲል እነሣና ስለ ባለቤቴ አጫውታለሁ።

የስትሪትካሩን፣ የከተማውን የመንገድ ባቡር፣ ታሪክ ያልሰማ ማኅበርተኛ የለም። አዲስ የመጣን ሰሞን ብቻዋን ተሳፍራ፣ መውረጃዋን አልፋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች፤ አልወረደችም፣ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። በመጨረሻ ሹፌሩ ራሱ እጇን ይዞ አወረዳት። እውነቱ ይኸው ነው። እኔ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት። መጀመሪያ ዶሮ አስያዝኳት፤ በዓመቱ ዶሮዋን አስፈታኋት፤ ከዚያ ሹፌሩን እግሯ ላይ ጥዬ «ስለ ወላዲቷ ብለሽ ውረጂልኝ» አስባልኩት። ካናዳዊ ሹፌር። እሷ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ ትሰማለች። የምትስቅ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ከመከልከሉ በፊት በነበረው ተራችን ላይ አበዛሁት። እንግሊዝኛዋን አስመሰልኩ፣ አረማመዷን አስመሰልኩ። ልጃችንም ነበረች፤ ኮቷን ለብሳ ወጣች። በሳምንቱ ባለቤቴ ለሙሴው ደወለች። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ከእንግዲህ ጽዋ አልቀበልም አለችው።

ሰውየው ሊለምናት መጣ። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁ። እሱ ስለ መልአኩ፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ጠላዋ ብዙ ተናገረ። እሷ ጥቂት ነው ያለችው።

«እሱ ክፉ ሰው አይደለም። መጠጡ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ሳይጠጣ አንድ ቀን ሰው ፊት አዋርዶኝ አያውቅም።»

ስለዚህ ጽዋውን የምትቀበለው ቤቷ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ጠላ አትጠምቅም፣ ሰውም ይዞ አይገባም። ከዚህ በኋላ ደግሜ ባዋርዳት ግን ጽዋው ከቤታችን እንደወጣ ይቀራል። ሙሴው ተስማማ። እኔም ከበሩ ጀርባ ተስማማሁ። ጥፋቱ ሁሉ የጠላው ነው ከተባለ ከእኔ በላይ የሚደሰት ማን አለ።

ሐኪሙ ከከለከለኝ በኋላ ተራችን ሲደርስ በረንዳችን ላይ፣ በአሮጌ መጋረጃ የተጠቀለለ የፕላስቲክ በርሜል አየሁ። የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ጌሾ። ምንድን ነው አልኳት። ቀሪቦ ነው አለችኝ። ታች ፎቅ ያለችው የወሎዋ ጎረቤታችን ናት ያስተማረቻት፤ ሙስሊሞቹ ለበዓላቸው የሚያዘጋጁት፣ የማያሰክር የገብስ መጠጥ። ጌሾውን ጣል ያደረገችበት ማኅበርተኛው ቢያንስ ሽታው እንዳይቀርበት ብላ ነው።

ሌላ ባል ቢሆን ይህን አምኖ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን የድመቶቹን ከተማ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የዳቦ ቤት መደርደሪያ ከኋላው ምን እንዳለ አውቃለሁ። በጠላዋ የተመሰገነች ሴት ማኅበርተኛዋን የገብስ ውሃ አጠጥታ እንደማትሸኝ ለራሴ አስረዳሁት። ቀሪቦ የተባለው ለእኔ ነው። እነሱ ጠላቸውን ይጠጣሉ፣ እኔ ጣቴን ቀስሬ ሻይ ፉት እላለሁ። «ይሁን እንግዲህ፣ ቀሪቦ ነው» አልኳትና ጠቀስኳት። ዓይኔን ያመመኝ መስሏት የዓይን ጠብታዬን አመጣችልኝ።

እሑድ ዕለት ቄሱን ልትቀበል በኤሌቬተሩ ስትወርድ እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ፔርሙዜን ሞላሁ፣ አንድ ብርጭቆም እዚያው ቆሜ ጨለጥኩ። ትንሽ ስኳር ስኳር አለኝ፤ ምላሴም አርጅቷል ማለት ነው አልኩ። ወዲያው ጆሮዬ ሞቀ። ያችን ሙቀት አውቃታለሁ፣ የድሮ ወዳጄ ናት። ቀጥሎ ጉልበቴ ላላ፣ ከጉልበቴ ቀጥሎ ምላሴ። ይህች ሴት እጇ ዛሬም አልከዳትም እያልኩ፣ ሐኪሙን እያማሁ፣ ደገምኩ። ፔርሙዜን ታቅፌ ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ የጤና ሻይ ነው እላለሁ።

ቄሱ ባርከው፣ ቀምሰው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ተሰናብተው ወጡ። ማንቆርቆሪያው መዞር ጀመረ። እኔ ከፔርሙዜ ክዳን ላይ ፉት እያልኩ ማኅበርተኛውን አያለሁ። እንዴት ያስመስላሉ እላለሁ በሆዴ፤ አንዱም እንኳ የሰከረ አይመስልም። ከሪጀንት ፓርክ ሰፈር የመጡ፣ ማኅበሩን በቅርቡ የተቀላቀሉ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ልጁ ባለቤቴን «እማማ፣ መጀመሪያ ሲመጡ ከተማው አልከበደዎትም?» ብሎ ጠየቃት። በአክብሮት ነው የጠየቀው። እሷም ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

እኔ ቀደምኳት። «ስትሪትካሩን ጠይቀው» ብዬ ተነሣሁ።

አዲስ ሰሚ ማግኘት እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ዶሮዋን አስያዝኩ፣ አስፈታሁ። ሹፌሩን አስለመንኩ። በዚህኛው ዙር ተሳፋሪው በሙሉ ተሰብስቦ ትውረድ አትውረድ ብሎ እጅ እንዲያወጣ አደረግኩ። እንግሊዝኛዋንም አልማርኩትም። ወጣቷ ሚስት እንባዋን ትጠርጋለች። ነባሮቹ የሚያውቁትን ቦታ እየጠበቁ ይስቃሉ። ሙሴው ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። እኔ የመውረጃዋን ቦታ ልጫወት አንድ እግሬን አንሥቼ፣ በአንድ እጄ ወንበር ይዤ ቆሜያለሁ።

በሩ ተንኳኳና ጎረቤታችን ገባች። ሻሿን አሳምራ ጠምጥማ፣ በሳህን ተምር ይዛ ነው የመጣችው፤ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት። ባለቤቴ ሳመቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ከዚያው ከሚዞረው ማንቆርቆሪያ ቀዳችላት። ዕድሜዋን ሙሉ የመጠጥ ጠብታ በከንፈሯ ያልዞረ ሴት ናት። ጎንጨት አለች። አጣጣመች።

«እታለም፣ ገብሱ አምሮልሻል» አለች። «ስኳሩን ብቻ ለሌላ ጊዜ ቀነስ አድርጊው።» ጨለጠችውና ብርጭቆዋን ለድጋሚ ዘረጋች።

እግሬ እንደተነሣ ነው። ከጆሮዬ ላይ ያ ሙቀት ሲወርድ ተሰማኝ፤ ልክ አንድ ሰው ባርኔጣዬን እንዳነሣብኝ። ባለቤቴ እኔን አየች፣ ጎረቤታችንን ማየቴንም አየች። ቀስ ብላ መጣች፣ ፔርሙዜን አነሣች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ መልሳ ገጠመችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

«አባባ፣ ይጨርሱልን እንጂ» አለኝ ወጣቱ። «ከዚያስ ወረዱ?»

«ወረደች» አልኩና ተቀመጥኩ። የታሪኩ መጨረሻ ይህ መስሏቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ሲተላለፍ ባለቤቴ ሙሴውን ወደ ጎን ጠርታ አነጋገረችው። ብዙ አልፈጀባትም። እሱም በዚህኛው ጊዜ አልለመናትም፤ ባርኔጣውን አድርጎ፣ እኔን ሳይሰናበት ወጣ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እኔ፣ ያለወትሮዬ፣ አጠገቧ ቆሜ አደርቃለሁ።

«ለልጃችን መጠጡ ነው እላት ነበር» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ለሰውም፣ ለራሴም። አሁን ምን ልበላቸው?»

የዚህን መልስ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። ያን ዕለት ግን ምላሴ ጊዜ አልሰጠኝም፤ የጌሾው ሽታ ነው ያሰከረኝ አልኳት። ቀልድ መሆኑ ነው። የመጨረሻውን ብርጭቆ አለቀለቀች፣ ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን አድርቃ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ኪሴ ተዳስሶ አያውቅም። ከለቅሶ ቤት ስመለስ በር ላይ ቆም እላለሁ፤ ትከፍትልኛለች፣ ወደ ሥራዋም ትመለሳለች። አንድ ቀን ራሴ «እፍ ልበልልሽ?» አልኳት። አያስፈልግም አለች። መጠጥ አልነካሁም፤ ጽድቅ ግን አይደለም። የሚደበቁት ሰው ከሌለ መጠጥም እንደ መድኃኒት ነው፣ ለብቻ አይጣፍጥም። ሐኪሙ ባለፈው ጉበቴን አይቶ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ለእሷ ባስተላልፍላት ወደድኩ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ግን አላወቅኩም።

ስለ ስትሪትካሩም ጠየቅኳት። ያን ሁሉ ዓመት ሳወራው ለምን እንዳልወረደች አንድ ቀን አልጠየቅኳትም ነበር፤ ቀልዱን እንዳያበላሽብኝ ይሆናል። አሁን ምን ያደርግልሃል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ያደርግልኛል።

ጽዋው ወደ ቤታችን አይመጣም፤ እኛ ግን ወደ ሰው ቤት እንሄዳለን። በቅርቡ ሪጀንት ፓርክ፣ እነዚያ ወጣት ባልና ሚስት ዘንድ ነበርን። ልጅቷ ቀሪቦ አዘጋጅታለች። ከባለቤቴ ነው የተማረችው፤ ስልክ እየደወለች፣ ኮል አድርጊልኝ እየተባባሉ፣ ስንት ቀን አብረው እንደሠሩት ሰምቻለሁ። ቀድታ መጀመሪያ ለባለቤቴ ሰጠቻት፤ ባለቤቴም ቀምሳ ጎበዝ አለቻት። የልጅቷ ፊት በራ። ያን ሳይ፣ ሰው ፊት ያፈረስኩትን ሰው ፊት ካልሆነ የት እሠራዋለሁ ብዬ ብድግ አልኩ።

«ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ።

ገና ይህን ስል ቤቱ መሳቅ ጀመረ። ወጣቱ እንዳይፈስበት ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። አንዱ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። የዛሬው ቀልድ አይደለም አልኳቸው። ይህ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው፤ ጥሩ አጀማመር መሰላቸው።

«ይህን መጠጥ ለልጅቱ ያስተማረቻት እሷ ናት» አልኩ። «ጠላዋን ታውቁታላችሁ። ቤቴን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔንም እስካሁን በሕይወት ያቆየችኝ እሷ ናት።»

ከዚያ ቃል አለቀብኝ። በእሷ ለመሳቅ ስፈልግ የአንድ ከሰዓት ወሬ ከምላሴ ይዘንብ ነበር፤ ለምስጋና ግን ያለኝ ይህ ብቻ ሆነ። ሰዉ ፊቱን ለሳቅ አዘጋጅቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ወደ እሷ ዞርኩ። ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ዓይኗን እጆቿ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። እሷም ቀጣዩን እየጠበቀች ነው።

«ይኸው ነው» አልኩ። «ሌላ የለውም።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እኔ ከተቀመጥኩም በኋላ እሷ ትከሻዋን እንደሰበሰበች ቆየች።